የገንዳው ሙሽሮች

«ዓሦቹንማ ዶሮዎቹ ይጨርሷቸዋል።»

ባስልዮስን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ይህ የእህቱ ድምፅ ነበር። እትዬ በለጡ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ከግንበኛው ከጉግሳ ጋር ታወራለች። ውሃው በባልዲ እየተቀዳ ለጎመኑ እንደሚሆን፣ ዓሦቹ ለዶሮዎቹ እንደሚበተኑ፣ ገንዳው በድንጋይና በገረጋንቲ ተሞልቶ ከላዩ አንድ የሚከራይ ክፍል እንደሚቆምበት ታስረዳዋለች። ጉግሳ ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሽ ባስልዮስ ያውቃሉ?» አለ። «እሱ ምን የሚያውቀው ነገር አለ?» አለች። ባስልዮስ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነገሩን አሰበበትና እውነቷን ነው አለ። ቢሆንም በንዴት ዘሎ መውጣት እንዳለበት ገብቶታል። ዘሎ ተነሣ፤ ሱሪውን አጣው፤ ሱሪው ሲገኝ ቀበቶው ጠፋ፤ ቀበቶው ሲገኝ ንዴቱ በርዶ ስለነበር በሩን ከፍቶ «እንደምን አደራችሁ» ብቻ ብሎ ቀረ። ጉግሳ ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እትዬ በለጡ ዞር ብላ አየችውና «ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው» አለችው።

ገንዳው የደራርቱ ነው። ደራርቱ ሚስቱ ናት፤ «ነበረች» ማለትን አፉ ገና አልለመደም። ከሞተች ሰባት ወር ሊሞላ ነው። እዚሁ ነገሌ ባዮሎጂ ስታስተምር ኖራ፣ ጉበቷን አመማት ተብሎ ሐዋሳ ድረስ ተመላልሳ፣ አንድ ቀን ከሐዋሳ ሳትመለስ ቀረች። ገንዳው ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ዘመን ለውሃ ማጠራቀሚያ የተሠራ ሲሆን፣ እሷ ከድርቁ ወዲህ ዓሣ አስገብታበት ነበር። ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ከዋናው ገባ ብሎ ማዳ ጉራቻ የሚባል ምንጭ አለ፤ ጥቁሩ ምንጭ ማለት ነው። ዝናብ ተከታትሎ በቀረባቸው ዓመታት ከብቱ ሲያልቅ ምንጩም አለቀ። ከመድረቁ በፊት ደራርቱ ጭቃው ውስጥ ይርመጠመጡ የነበሩትን፣ ትንሿን ጣት የማያክሉ ዓሦች በጀሪካን ሰብስባ አመጣቻቸው። ዝናቡ ሲመለስ የማዳ ጉራቻ ውሃ ተመለሰ፤ ዓሣ ግን አብሮት አልመጣም። እንግዲህ የማዳ ጉራቻ ዓሣ የሚባል ነገር በዚህ ዓለም ላይ ካለ፣ ያለው ከባስልዮስ መጸዳጃ ቤትና ከእትዬ በለጡ ዶሮ ቤት መሀል ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የባስልዮስ ድርሻ ጀሪካኑን መሸከምና መቀለድ ነበር። መሸከሙ አንድ ቀን ሲሆን መቀለዱ ዓመታት ወስዷል። «ሚስቴ ዓሣ ታረባለች፣ ምሳችን ግን ሁልጊዜ ምስር ነው» ይል ነበር ለፎቶ ቤቱ ደንበኞች። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው ያለ ምክንያትም ይስቃል።

ደራርቱ ስትሞት ነገሩ ተገለበጠ። ዓሣ የማይወደው ሰውዬ ጠዋትና ማታ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ማለት ጀመረ። ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጥታ ከገንዳውና ከምንጮቹ ዓሦች ከክንፋቸው ጫፍ ቁራጭ ቁራጭ ወስዳ ዘረመላቸውን እንደምታስመረምር ስትነግረው፣ የደራርቱን የማስተማሪያ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ማጥናት ያዘ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ስለ ውርስ አነበበ። አንብቦም አልቀረ፤ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሰዎችን የጆሮ ጫፍ እያየ ይህ ከእናት ነው፣ ይህ ከአባት ነው ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አንዱን ነጋዴ የልጅህ ጆሮ ያንተ አይደለም ብሎት ከጎኑ ያለችው የጨርቅ ነጋዴዋ ሀፍሳ ገብታ ባትገላግል ኖሮ ካሜራው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እውቀቱን ለእትዬ በለጡ ብቻ ያካፍላል። «የጥበቃ አሃድ ይባላሉ» አላት ባለፈው ሳምንት፣ ቃሉን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ። «እንደነሱ ያለ ሌላ ቦታ ከሌለ፣ ለብቻቸው ነው የሚጠበቁት። ወደ ማዳ ጉራቻ ይመለሳሉ። እስከዚያ ገንዳው አይነካም።» እሷም «ምርመራው የማዳ ጉራቻ አይደሉም ቢልስ?» አለችው። «ያን ጊዜ የፈለግሽውን አድርጊ» አላት። በሙሉ ልብ ነው ያላት፤ ጀሪካኑን የተሸከመ ሰው ከየት እንደተሸከመው አይጠፋውም። ውጤቱ የሚመጣው ዛሬ ነው፤ ጉግሳ የተጠራውም ለዛሬ ነው።

ቁርሳቸውን ሳሎን ውስጥ በሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሶፋው ከለቀስተኛ ብዛት መሀሉ ሰርጉዷል፤ ቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ከቡፌው በላይ የሠርጉ ፎቶ ተሰቅሏል። ባስልዮስ በሠርጉ ቀን ሌላ ፎቶ አንሺ አላምንም ብሎ ካሜራውን ራሱ አቁሞ፣ በራሱ እንዲያነሣ አድርጎ፣ ሮጦ ሊገባ ሲል ስለቀደመው፣ ከራሱ ሠርግ የሚያመልጥ ሰው መስሎ በጎኑ ወጥቷል። ደራርቱ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ከሙሽራው ወገን ፊት ለፊት አንድ ወንበር ባዶውን ወጥቷል። ወንበሩ ለእትዬ በለጡ የተተወ ነበር። አልመጣችም። ያኔ ከዲላ የላከችው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ «የሚወለዱት ልጆች ምን ሊባሉ ነው?» የወታደር ልጅ የሆነው ወንድሟ የቦረና ልጅ ማግባቱን እንደዚያ ነበር የተቀበለችው። የተወለደችው አንዲት ልጅ እሙሽ ተባለች። እትዬ በለጡም እሙሽን ካየች ወዲያ ጥያቄዋን ረሳችው፤ ወይም የረሳችው መሰለች። አሁን ሐዋሳ ለምትማረው እሙሽ በየወሩ በሶና ቋንጣ የምትልክ እሷ ናት። ደራርቱ ስትሞት ቤቷን ዘግታ የመጣችውም፣ ጥቁር ለብሳ እስካሁን ያላወለቀችውም እሷ ናት። የወንበሩ ነገር ግን አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። እትዬ በለጡ ሳሎን ስትቀመጥ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ ነው።

«ክፍሉ ለኔ አይደለም» አለች ሻይዋን እያማሰለች። «አውቃለሁ» አለ። «ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚነሣው፤ ፎቶ ቤትህ ዝንብ ነው የሚያነሣው።» «ዝንብም አይቆምልኝም» አለ። አልሳቀችም። 

ፎቶ ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ ከሀፍሳ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ነው። ጀርባው ላይ ሠዓሊ ቀጥሮ ያሳለው ሐይቅ አለ፤ ዙሪያው ዘንባባ፣ መሀሉ ላይ ከጀልባው የሚተልቁ ሁለት ዳክዬዎች። ነገሌ ውስጥ ከዚህ ሐይቅ ፊት ያልቆመ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ደራርቱ አንድ ጊዜ ሐይቁን ስታየው ቆይታ «ዓሣ የለበትም» ብላ ነበር። «ሥር ነው ያሉት፣ አይታዩም» ብሏት ነበር እሱም። ዛሬ ጠዋት አራት ጉርድ በመቶ ሃምሳ ብር የሚል ማስታወቂያውን ሲያወጣ ሀፍሳ ከመጋረጃ ጨርቆቿ መሀል አንገቷን ብቅ አድርጋ «ጋሼ፣ የዓሦቹ መታወቂያ ዛሬ ነው የሚወጣው?» አለችው። «ዛሬ ነው።» «ፎቶ ተነሥተዋል ወይ? ያለ ጉርድ ፎቶ እኮ አይሰጥም!» ሀፍሳ በራሷ ቀልድ እስኪያስላት ሳቀች። ባስልዮስም ሳቀ፤ ቀልዱን ራሱ ባለማግኘቱ ግን ትንሽ ቆጨው።

ትንቢት ከረፋዱ ላይ መጣች። ተመራማሪዋ እሷ ናት፤ የእሙሽ ታላቅ እህት ብትባል የምታምር፣ ጫማዋ የማዳውን ጭቃ እንደያዘ የሚኖር ልጅ። ሌላ መቀመጫ ስለሌለ ከሐይቁ ፊት ያለችው የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ዳክዬዎች በግራና በቀኝ ትከሻዋ ላይ ወጡ። ባስልዮስ መብራቱን ሊያበራላት ተነሥቶ ምን እያደረገ እንደሆነ ሲገባው መልሶ ተቀመጠ።

«ጋሽ ባስልዮስ፣ የገንዳው ዓሦች ከየት ነው የመጡት ብዬዎት ነበር?»

«ከማዳ ጉራቻ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ጀሪካኑን እኮ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ወገቤ እስካሁን ያውቃል።»

ትንቢት ጉልበቷን እያሻሸች ቀስ ብላ አስረዳችው። ከማዳ ጉራቻ ተራራውን ተሻግሮ ማዳ አዲ የሚባል ሌላ ምንጭ አለ፤ ነጩ ምንጭ። የሁለቱ ምንጮች ዓሦች ለዓይን አንድ ናቸው። ደራርቱ ከድርቁ በፊት በአልኮል አድርጋ ለዩኒቨርሲቲው ከላከቻቸው የማዳ ጉራቻ ዓሦች ጋር ሲተያዩ ግን፣ ዘረመላቸው ለብዙ ሺህ ዓመት ሳይገናኙ እንደኖሩ ያሳያል። ስለዚህ ሁለት የጥበቃ አሃድ ተብለው ነው የሚያዙት፤ አንዱ ከሌላው ሳይቀላቀል፣ እያንዳንዱ በውሃው። ችግሩ ገንዳው ነው። የገንዳው ዓሦች ዘራቸው ግማሹ የማዳ ጉራቻ፣ ግማሹ የማዳ አዲ ሆኖ ተገኝቷል።

«ቅይጥ ናቸው» አለች። «የማዳ ጉራቻ ብለን ልንመልሳቸው አንችልም። የማዳ አዲም አይደሉም። ማዳ አዲን በአጥር እንከልላለን፤ እነዚህ ግን በፕሮጀክታችን የትም አይገቡም።»

ባስልዮስ ያን ሁሉ ወር ያጠናውን በአንድ ጊዜ አወጣው። ጎርፍ አገናኝቷቸው ይሆናል አለ። በመካከላቸው ተራራ አለ አለችው። ወፍ እንቁላላቸውን በእግሯ ጭቃ ይዛ መጥታ ይሆናል አለ። «ገንዳው እኮ ከተማ መሀል ነው ጋሽ ባስልዮስ።» «ወፍ ከተማ አትገባም?» አለ፤ የራሱን ድምፅ ሲሰማው አፈረ። ጀሪካኑ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ዘይት ነው እንኳ ሊል ነበር። ትንቢት የማዳ ጉራቻን ውሃ የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ያውቁ እንደሆነ ብንጠይቅስ አለችው። ሽማግሌው አባ ኩራ ናቸው፤ የደራርቱ አጎት፣ የእናቷ ወንድም። ባስልዮስ ፎቶ ቤቱን ለሀፍሳ አደራ ብሎ በፕሮጀክቱ መኪና ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ማንም ሳይጠይቀው እያብራራ ሄደ፤ ይህ ሰውዬ ሲደነግጥ ያብራራል።

ማዳ ጉራቻ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የግመል ተራ ነበር፤ ከብቱ ከግራሩ ሥር ተራውን ይጠብቃል። አባ ኩራ ዱላቸውን ተደግፈው ማን ይቅደም ማን ይከተል እያሉ ያዛሉ። ባስልዮስን ከሩቅ ሲያዩት እጃቸውን አነሡ።

«አካም፣ ፎቶ! ናጋ?»

«ናጋ፣ አባ ኩራ። አንቱስ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ራሴን የቆረጥክበት ፎቶ አሁንም ቤቴ አለ» አሉና ወደ ትንቢት ዞሩ። «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጥምጣም አለኝ። ይሄ ከአገጬ ጀምሮ ወደታች አነሣኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ይሄ ሆዴ ነው እላለሁ።»

«ፊልሙ ነው እኮ አባ ኩራ…» ብሎ ሊያብራራ ሲጀምር ትንቢት ቀደመችው። የገንዳው ዓሦች ከማዳ አዲ ዓሦች ጋር ተቀላቅለው እንደተገኙ፣ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አባ ኩራ እንግዳ ነገር እንደተጠየቀ ሰው አዩዋት።

«እኔ ነኛ ያመጣሁት» አሉ።

 አባ ኩራ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጡና ለልጅ እንደሚያስረዱ አስረዱ። ቦረና ሁለት ነው፤ ሳቦና ጎና። ሳቦ ከጎና ያገባል፤ ጎና ከሳቦ ያገባል። ሳቦ ሳቦን አያገባም። ማዳ ጉራቻ የሳቦ ውሃ ነው፤ ማዳ አዲ የጎና ነው። «ደራርቱ ያንን ትንሽ ዓሣ ይዛ ሄደች፤ ሁሉም የሳቦ። ወንድምና እህት በአንድ ቤት ዘጋችባቸው። ሳፉ አይደለም? ነውር አይደለም?»

«አባባ፣ ዓሣ እኮ ናቸው» አለች ትንቢት።

«ዓሣስ ቢሆኑ የማን ውሃ ነው የጠጡት?»

 ለዚህ ባስልዮስ መልስ ነበረው፤ መጽሐፉ ምዕራፍ ስድስት ላይ ነበር፤ እግዜር ይስጠውና ዝም አለ። አባ ኩራ ቀጠሉ። ነውሩን ለደራርቱ ሲነግሯት ከትከት ብላ ሳቀች፤ ኋላ ግን መሳቋን ትታ «አቡያ፣ አጎቴ፣ በኔም ትምህርት ነውር ነው» አለቻቸው። የዓሦቹ ልጆች ጀርባቸው እየጎበጠ መወለድ ጀምረው ነበር። እና ተስማሙ። እሳቸው ከማዳ አዲ ሙሽሮች አመጡ፤ እሷ ተቀበለች።

«ያዳኗቸው ይመስለኛል» አለች ትንቢት። «እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ። ግን አባባ፣ የማዳ ጉራቻ ብቻ የነበረው ዘር አሁን ለብቻው የለም። ከእንግዲህም አይገኝም።»

አባ ኩራ ውሃውን ሲመለከቱ ቆዩ። ውሃው ጥቁር ነው፤ ምንም አይንቀሳቀስበትም። «ሊሞቱ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ከበፊቱ ባነሰ ድምፅ። ከዚያ ደግሞ «ብትጠይቂኝ ያኔውኑ በነገርኩሽ» አሉ። ትንቢት ቀስ ብላ ወደ ባስልዮስ ዞረች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ጠይቃ ነበር። የጠየቀችው እሱን ነበር፤ በሚስቱም፣ በአጎቷም፣ በጀሪካኑም ፈንታ የመለሰው እሱ ነበር።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ ባስልዮስ። ጥያቄው ከአፉ እንደወጣ መልሱን መስማት እንደማይፈልግ አወቀ።

«ሠርግ ነበር እኮ» አሉ አባ ኩራ፣ ፊታቸው እያበራ። «ሙሽሮቹን ግቢህ ድረስ ይዤ መጣሁ። እኔ መረቅኩ። እሷ ብቻዋን እልል አለች። የጎረቤት አውራ ዶሮ ደንግጦ አጥር ላይ ወጣ! እንዲህ ሳቅን። ፎቶ አንሺ ባል እያለኝ ሠርጌ ያለ ፎቶ ቀረ አለችኝ። ጥሪው አልኳት። ተወው አለች።»

«ለምን?»

«ይስቅብናል አለች።»

የተናገሩት ክፉ ቃል መሆኑ አልተሰማቸውም። ወዲያው ተነሥተው ተራውን ያዛባ አንድ ግመል ላይ ጮኹ።

ሲመለሱ ባስልዮስ ምንም አላብራራም። ያቺን ቀን አውቋታል። ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግስት ነበር፤ የሠርግ ወራት። ቀኑን ሙሉ ሙሽሮችን ከተሳለው ሐይቅ ፊት እያቆመ «እንዳትንቀሳቀሱ» ሲል ውሎ ማታ ወደ ቤት ሲገባ፣ ደራርቱን ያቺን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ ገንዳው ጠርዝ ላይ አገኛት። «ምንድን ነው ዛሬ?» ሲላት «ውሃ ቀየርኩላቸው» አለችው። እሱም «ለዓሣ ነው እንዴ የተኳልሽው?» አላት። ደራርቱ ሳቀች። እንባዋ ኩሉን ይዞት እስኪወርድ፣ ጎኗን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ባስልዮስ ዕድሜውን ሙሉ ብዙ ቀልድ ቀልዷል፤ እንደዚያ ያሳቃት ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ለቅሶ ላይ ሳይቀር፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ «አንድ ቀን እንዲህ ብያት» ብሎ አውርቶ ለቀስተኛውን ፈገግ አሰኝቷል። በሕይወቱ ተናገርኩ የሚለው ምርጥ ቀልድ ያ ነበር። አሁን ወደ ፊልቱ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ላይ ሲገባው፣ ያች ሴት የሳቀችው እሱ ሳያውቅ እውነቱን ስለተናገረ ነበር። ቀልዱ የእሷ ነበር። እሱ የቀልዱ ሞኝ ነበር። ሊናደድ ሞከረ፤ እንደ ጠዋቱ ሱሪ ንዴቱን ፈልጎ አጣው። በምትኩ የመጣበት ያችን ሠርግ የማየት ፍላጎት ነበር፤ ከአጥሩ ኋላ ተደብቆም ቢሆን፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

ትንቢት በር ላይ ስታወርደው ሞተሩን አላጠፋችም። «ለማዳ ጉራቻ የሚመለስ ሌላ ዓሣ ስለሌለ፣ እነዚህ ይመለሱ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ» አለችው። «ግን ይፈቀዳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ጊዜም ይወስዳል። እስከዚያ ገንዳው ቢቆይ ጥሩ ነበር፤ ላስገድድዎት ግን አልችልም።»

ግቢው ውስጥ አካፋና ዶማ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተጋድመዋል። ጉግሳ አንድ ጋሪ ድንጋይ አስገልብጦ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ዶሮዎቹ ነገሩን የሰሙ ይመስል ገንዳውን ይዞራሉ። እትዬ በለጡ እጇን በጥቁር ቀሚሷ እያደረቀች ወጣች።

«እህ?»

ሲመጣ ሊዋሻት አስቦ ነበር። የማዳ ጉራቻ ናቸው ሊላት፣ በዚያው ሊገላገል። ነገር ግን ሲያብራራ እንጂ ሲዋሽ አይሆንለትም። «ቅይጥ ናቸው» አላት። «ግማሹ ከማዳ ጉራቻ፣ ግማሹ ከማዳ አዲ። የዚህም የዚያም አይባሉም። ስለዚህ የሚጠበቁት ውስጥ አልገቡም።»  በዚያ ማብቃት አቃተውና ሁሉንም ነገራት፤ አባ ኩራን፣ ሳቦና ጎናን፣ እልልታውን፣ አጥር ላይ የወጣውን አውራ ዶሮ፣ ቀሚሱን፣ ኩሉን፣ የራሱንም ቀልድ። «ይስቅብናል» ብላ ነው ያልጠራችኝ አላት። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጉግሳ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ሠርግ ነበር በላ» አለች እትዬ በለጡ።

«ነበር።»

«እኔም አልተጠራሁም።»

«አንቺማ…» አለና አፉን ያዘ። የተጠራሽበትስ መቼ መጣሽ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ በለጡ ሰማችው፤ ያልወጣውን ቃል ሰማችው። ፊቷን አዞረች። የወንበሩ ነገር ከሠርጉ ጀምሮ ሃያ ሰባት ዓመት በሁለቱ መሀል ቆሞ ነበርና አሁንም ለመቆም ብዙ ቦታ አልፈጀበትም። አንዲት ዶሮ ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘላ ወጣች። እትዬ በለጡ ሳታስበው በእጇ አባረረቻት።

«ምን ይባላሉ አልክ?» አለች።

«ምንም አይባሉም። ስም የላቸውም።»

«እንዴት ስም አይኖራቸውም?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እዚህ አይደል የተወለዱት? ይቺ ሴትዮ አይደለች ያሳደገቻቸው? ከሁለት ወገን መወለድ ነው ወንጀሉ? እሙሽም ወንጀለኛ ናት በላ! እሙሽን የት ሊከቷት ነው?» ይህን ስትል የተናገረችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። ባስልዮስ መሬት መሬት አየ። በዚያች ደቂቃ አንዲት ቀልድ ቢያመጣ ለሁሉም በቀለለ፤ ራሱን ጓዳ ድረስ ገብቶ ፈተሸ፤ አንድም አላገኘም።

እትዬ በለጡ ወደ ጉግሳ ዞረች። «አንተ፣ ክፍሉን ከዶሮ ቤቱ ጎን ሥራው።»

«እዚያማ ጠባብ ነው እትዬ በለጡ፤ አልጋ አይዘረጋም።»

«ይጥበብ! ዶሮ ቤቱን አፍርሰው!»

«ዶሮዎቹስ?»

«ዶሮዎቹን እንበላቸዋለን» አለች። ጉግሳ አካፋውን አንሥቶ እየሳቀ ወደ ጥጉ ሄደ። እሷ ቤት ገባች። ባስልዮስ ተቆጥታ የገባች መስሎት ገንዳው አጠገብ ብቻውን ቀረ። ውሃው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ልጆች ከሲሚንቶው ጥላ እየወጡ ይመለሳሉ። የትኛዋ ሙሽራ እንደነበረች፣ የትኛው ወገን ከየት እንደመጣ ለማየት ጎንበስ አለ። ሁሉም አንድ ናቸው። ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው።

እትዬ በለጡ ስትወጣ ከሳሎኑ አንድ ወንበር ይዛ ነበር። ገንዳው አጠገብ አምጥታ አቆመችው፤ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችበት።

«ካሜራህን አምጣ» አለችው።

አመጣው። ከዓሦቹ አንዱም አይታይም ሊላት አሰበ፤ ብርሃኑ እየሄደ ነው ሊላት አሰበ፤ በጥቁር ልብስ ፎቶ አይነሡም ሊላት አሰበ። እሷ ግን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዘግይቶ እንደደረሰ የሠርግ እንግዳ በጨዋ ደንብ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። አንዱ ዓሣ ከበስተኋላዋ ውሃውን ከፈት አድርጎ ተመለሰ። ባስልዮስ ራሷ እንዳይቆረጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ «እንዳትንቀሳቀሱ» ሳይል የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።